የትኛው ጄሪካን ነበር?

ጁስ ቤት ያለው ሰው ልጣጭ አያጣም። አሰላ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ብርቱካን እየጨመቅሁ መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ሰው ጭማቂውን ጠጥቶ መንገዱን ይሄዳል፤ ልጣጩ ከእኔ ጋር ይቀራል። መጀመሪያ እጥለው ነበር። በኋላ የበረኪና ሽታ ደረቴን እየዘጋ ሲያስቸግረኝ፣ አንዲት ደንበኛዬ ከብርቱካን ልጣጭ የወለል ማጽጃ እንደሚወጣ በስልኳ አሳየችኝ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አለቅም፤ እናቴ “መዥገር” ትለኝ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዘነበች እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አሰላ ላይ ሱቅ ከፍቶ ነው የወለደኝ። ያደግሁት ከአርሲ ልጆች ጋር ስለሆነ ገበያ ውስጥ ስከራከር ኦሮምኛው ይቀድመኛል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አከራዬ አዴ ፋጡማ ደግሞ ሙስሊም ናቸው። “አዴ” በእኛ አካባቢ እንደ እናት የምናከብራትን ሴት የምንጠራበት ነው፤ የገዛ ልጆቻቸውም የሚጠሯቸው እንዲሁ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ነገሩ ሲመጣ ግራ እንዳትጋቡ ብዬ ነው። እኔ ግራ የተጋባሁት ይበቃል።

የማጽጃው አሠራር ቀላል ነው። ልጣጩን ከቡናማ ስኳርና ከውሃ ጋር ጄሪካን ውስጥ ከትቶ መክደን፣ በየቀኑ ክዳኑን ላላ አድርጎ ማስተንፈስ፣ ከዚያ ወራት መታገሥ። በመጀመሪያው ሰሞን ይፈላል፣ ጠጅ ጠጅ ይሸታል። እየቆየ ሲሄድ ግን ጠጅነቱን ይተውና አቼቶ ይሆናል፤ ቅባትና ጥላሸት የሚያስለቅቀው ያኔ ነው። ከእሱ ጎን ሁለተኛ ጄሪካን ነበረኝ። በዚህኛው የደረቀ እንዶድ ወቅጬ ከግራዋ ቅጠል ጋር እዘፈዝፋለሁ፤ እሱም ሲሰነብት ይኮመጥጣል፣ አረፋው ጋቢና ነጠላ ያነጣል። እንዶድ ግን ቀልድ አያውቅም። ወንዝ ከገባ ዓሣ እንደሚጨርስ፣ ሰው ከጠጣው ሆድ አቃጥሎ እስከ ሞት እንደሚያደርስ ስንሰማ ነው ያደግነው።

ችግሩ የአሰላ ብርድ ነበር። እዚህ ሊጥ እንኳ ተለምኖ ነው የሚቦካው። ጄሪካኖቼ በክራይ ክፍሌ በረንዳ ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡብኝ አዴ ፋጡማን አስፈቀድኳቸው። የእሳቸው ኩሽና እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ እሳት አይጠፋበትም፤ ከምድጃው ጀርባ ያለችው ጥግ ሁልጊዜ ሞቃት ናት። ጄሪካኖቹን ተሸክሜ ስገባ ከላይ እስከ ታች አዩኝና “ያሰክራል?” አሉኝ። “ለወለል ነው እንጂ ለአፍ አይደለም፣ አዴ” አልኳቸው። ሳቁና አስገቡኝ። ከዓመታት በፊት በጽኑ ታመው ከተነሡ ወዲህ ሽታ አይለዩም፤ ስለዚህ ኩሽናው ጠጅ ጠጅ ቢል ለእሳቸው ለውጥ አልነበረውም። እኔም እንዳይምታታብኝ በእንዶዱ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ በብርቱካኑ ላይ ነጭ ጨርቅ አሰርኩ። ጥሩ ዘዴ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ የልጃቸው የሙና ኒካህ ደረሰ። እሁድ ሊታሰር፣ ዓርብ ዕለት የእህታቸው ልጅ ሃሊማ ከሁሩታ ቀሪቦ ይዛ መጣች። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው፤ ያለ እሱ የእስላም ሠርግ ሠርግ አይባልም። ሃሊማ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ግማሹን ቀሪቦ በርሜል ውስጥ ገለበጠች፣ ግማሹን በመጣበት ቢጫ የዘይት ጄሪካን ተወችው። ከዚያ ኩሽናውን ጠርጋ፣ ያለውን ጄሪካን ሁሉ ከየቦታው አንሥታ በአንድ መስመር ደረደረች። የእኔም ቢጫ የዘይት ጄሪካኖች ናቸው። በአሰላ ቢጫ የዘይት ጄሪካን የሌለው ቤት የለም። የሠርግ ቤት ውስጥ ቡትቶ ተንጠልጥሎ አይታይም ብላ ቀዩንም ነጩንም ጨርቅ ፈትታ አጥባ አሰጣችው። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ሱቄ ነበርኩ፤ የነገረኝም የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን እየከፈልኩ ሳለ የአዴ ፋጡማ ልጅ ከድር ሚኒባሱን ሱቄ በር ላይ አቆመ። ከድር በሁሩታ መስመር የሚሠራ ሹፌር ነው፤ ሰው ካልጫነ በቀር እዚያ ቆሞ አያውቅም። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ፊቱን ሳየው ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

“ጄሪካንሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?” አለኝ።

“የትኛው ጄሪካን?” አልኩት።

ያን ቀን ምን ያህል ጊዜ ያንን ጥያቄ እንደምሰማው ባውቅ ኖሮ አፌን እይዝ ነበር። ከድር የኋላውን በር ከፈተው። አዴ ፋጡማ ራሳቸውን ሃሊማ ትከሻ ላይ ጥለው፣ ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሱቁን ክፍት ጥዬ ገባሁ።

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ሃሊማ እያለቀሰች ነገረችኝ። በእነሱ ደንብ የሠርግ መጠጥ እንግዳ አፍ ሳይደርስ የቤቱ እናት ትቀምሰዋለች። አዴ ፋጡማ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ እህል ሳይቀምሱ ኩሽና ገብተው ከአንዱ ጄሪካን በጣሳ ቀዱ፣ ቢስሚላህ አሉና ጨለጡት። መቅመስ ማለት ለእሳቸው እስከ መጨረሻው መጠጣት ነው፤ ከላይ ከላይ የቀመሰ ሰው ምስክር አይሆንም ይላሉ። ጣሳውን ሲያስቀምጡ ፊታቸው ተጨማደደ። ቀሪቦው ኮምጥጧል፣ ሰው ሳያይ ድፊው አሏት። ለእንግዳ የተበላሸ መጠጥ ከማቅረብ የሚብስ ውርደት ስለሌለ ሃሊማ ተንደረደረች። ጎኑ ያለውን ጄሪካን ከፍታ ብታየው እሱም አላማራትም። ሁለቱንም ግቢው በር ያለው ቦይ ውስጥ ገለበጠቻቸው። ከዚያ እንደ ደንቡ በግራዋ ቅጠልና በሙቅ ውሃ አጥባ፣ ከበርሜሉ ቀሪቦ ቀድታ ሞላቻቸው። ለአክስቷም አፋቸውን እንዲያጣፍጡበት ከጥሩው ቀሪቦ አንድ ጣሳ ሰጠቻቸው። ትንሽ ቆይተው ሆዳቸው ተገለበጠ፤ የእኔ ጄሪካኖች ትዝ ያሏቸው ያኔ ነው።

 ቀሪቦው ጥሩ ከሆነ የፈሰሱት የእኔ ሁለቱ ናቸው። አንዱ ጄሪካን መርዝ ነው፤ ሌላው ገና ጠጅነቱን ያልጨረሰ የብርቱካን ፍል ነው። አዴ ፋጡማ ከአንዱ ጠጥተዋል። ከየትኛው እንደሆነ የሚናገር ነገር ግን ዓለም ላይ አልቀረም።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ግን የረጋ ነው። ስለ ሁለቱም ነገርኩት። ስለ እንዶዱ ስነግረው መጻፉን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ምን ይመስል ነበር፣ መረረ ወይስ ኮመጠጠ፣ አረፋ ነበረው ወይ አለ። አዴ ፋጡማን ጠየቅናቸው፤ ኮምጣጣ ነው፣ ይመራልም አሉ። የብርቱካን ልጣጭም መራራ ነው፣ ግራዋም መራራ ነው። አረፋውን አላስተዋልኩም አሉ፤ ኩሽናው ጨለማ ነው። ቢያስተውሉስ ሁለቱም አረፋ አላቸው፤ ቀሪቦውም አለው። ሽታውን እንዳልጠይቃቸው ሽታ አይለዩም። ከድር ምናልባት ጄሪካኖቹ ውስጥ ቅሪት ይኖራል ብሎ ተነሣ፤ ሃሊማ ግን በግራዋ ነው ያጠብኳቸው ስትል ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ያስመለሱበትን ሻርፕ አንሥቼ አሸተትኩት። ገብስ ገብስ ይላል። ለአፍ ማጣፈጫ የተሰጣቸው ቀሪቦ ሁሉን ሸፍኖታል።

“ያወቅን እንደሆነ ሥራችን ይቀላል” አለ ሐኪሙ። “ካላወቅን የከፋውን ገምተን ነው የምንጠብቃቸው።”

ግሉኮስ ተተከለላቸው፣ ደም ተወሰደ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ተኙ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ከድር ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ “አንድ ነገር ቢሆኑ…” ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ቢጨርሰው ይሻለኝ ነበር። እኔ ቆሜ እመቤቴን መለመን ጀመርኩ። ብርቱካኑ ይሁን እያልኩ። ብርቱካኑ ከሆነ ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ነገ ይነሣሉ። ለጸሎቴ ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንኩበት ጊዜ የለም።

ቀትር ሲሆን ሃሊማ ወጥታ “አንቺን ነው የሚሉት” አለችኝ። ገባሁ። ቀለማቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

“ዘኒ፣ ኢንተላ ቲያ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “የጠጣሁት ያ የሚያሰክረው ነው ወይስ ሃንዶዴው?”

ሃንዶዴ የሚሉት እንዶዱን ነው። “ገና አላወቅነውም፣ አዴ” አልኳቸው።

“ኢንሻ አላህ ሃንዶዴው ይሁን።”

የሰማሁትን ያልሰማሁ መሰለኝ። “አዴ፣ ሃንዶዴው እኮ ይገድላል።”

“አውቃለሁ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሃንዶዴ አውቃለሁ። ሞት የእሱ ነው፤ በፈለገ ጊዜ ይወስዳል። ይሄን አፍ ግን ሰባ ዓመት የጠበቅኩት እኔ ነኝ።”

 ምን ይባላል? ጠዋት ሙሉ እኔ ወደ ላይ ብርቱካኑ ይሁን እያልኩ ስማፀን፣ እሳቸው እዚህ ተኝተው እንዶዱ ይሁን እያሉ ሲማፀኑ ኖረዋል። ሁለት ሴቶች ለአንድ ሰው ነፍስ ተቃራኒ ልመና ይዘን አንድ በር ስናንኳኳ ውለናል። ያን ጊዜ ነው ውሉ ጨርሶ የጠፋብኝ። ብርቱካኑ ይሁን ስል ለእሳቸው የሚከፋውን እየለመንኩባቸው ነው። እንዶዱ ይሁን ልል ደግሞ ምላሴ አይታዘዝም። ከአልጋቸው ተነሥቼ ስወጣ የምመኘው ነገር እንኳ አልነበረኝም።

ለከድር ነገርኩት። እሱም የመስጊዳቸው ሼህ ጋ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ለእናቱ ጆሮ አስጠጋላቸው። ሼሁ ሳያውቁ የጠጡት ነገር ወንጀል የለበትም፣ አብሽሩ፣ አፍዎን ተጉመጥምጠው ሶላትዎን ይስገዱ አሏቸው። አዴ ፋጡማ በአክብሮት አዳምጠው አመሰገኑ። ስልኩ ሲዘጋ፣ “ወንጀል እንደሌለብኝማ አውቃለሁ” አሉ። “እኔ የጠየቅኩት አፌ የገባውን ነው።” ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር፣ ሰዓት ሲያልፍ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ለመስገድ ግን ውሃ አልጠየቁም። እኚህን ሴት ሶላት ሳይሰግዱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከድር ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰደኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

“እንዶዱ ነው በያቸው” አለኝ። “አንቺን ያምኑሻል። ልባቸው ይረፍ።”

“እንዶዱ መሆኑን በምን አወቅክ?”

“አላወቅኩም። በያቸው ነው የምልሽ።”

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ሃሊማ ከኋላችን ደረሰች። ከሠርጉ ቤት አሥር ጊዜ ተደውሎላታል። ወሬው ወጥቷል፤ አንዱ አዴ ፋጡማ ተመረዙ ይላል፣ አንዱ ክርስቲያኗ ጎረቤት ጠጅ አጠጣቻቸው ይላል። ሃሊማ እጄን ያዘችና ለሰው ሲሆን ብርቱካኑ ነው እንድል ለመነችኝ። መርዝ ነው ከተባለ ነገ ቀሪቦውን ማን ይጠጣል፣ ሙናስ በምን ዕድሏ ነው በመርዝ የምትዳረው አለች። ከድር ደግሞ ብርቱካኑ ነው ከተባለ በእናቴ ስም ጠጅ ይነሣል ብሎ ተቆጣት። እኔ መካከል ቆሜ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አያለሁ። ለአልጋው መርዝ፣ ለሠርጉ ብርቱካን። ከአንድ ጣሳ ሁለት መጠጥ እንድቀዳ ነው የሚጠይቁኝ። ሁለቱም ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱም ያሉት በየበኩሉ ትክክል ነበር። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢያስዋሸኝ እምቢ ለማለት ይቀለኝ ነበር።

ብቻዬን ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር ቆምኩ። አንዳንዴ እንዶዱ ነው ብዬ ልገባ እግሬን አነሣለሁ። ደግሞ ይህን ብዬ ሳበቃ ሐኪሙ ሰምቶ የማያስፈልጋቸውን መድኃኒት ቢሰጣቸውስ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ በእርግጥ እንዶዱ ሆኖ፣ እኔም ብርቱካኑ ነው ብዬ ሳዘናጋ ቢሞቱስ። የጨርቆቹ ነገር እንኳ ተምታታብኝ። ቀዩ በእንዶዱ ላይ ነበር አይደል? ወይስ ቀዩን በብርቱካኑ ላይ ነው ያሰርኩት? ጠዋት በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር ከሰዓት ተንሸራተተ። የገዛ እጄ ያሰረውን መጠራጠር ስጀምር ፈራሁ፤ በእውነት አእምሮዬን የምስት መሰለኝ።

ስመለስ ሐኪሙ የደሙን ውጤት ይዞ ቆሟል። እስካሁን ደህና ነው፤ ኩላሊታቸውም ይሠራል፣ ማስመለሱም ቆሟል አለ። ከድር ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ታዲያ ብርቱካኑ ነው ማለት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ብርቱካኑ ሊሆን ይችላል፤ እንዶዱም ሆኖ ቶሎ ስላስመለሳቸው ተርፈው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይህ ነው ብሎ መፍረድ አይችልም። እስከ ነገ ጠዋት እናያቸዋለን ብሎ ሄደ። እንዳልሞቱ አወቅን፤ ከምን እንደተረፉ ግን አላወቅንም።

የከሰዓቱ ሶላት፣ የዓስር፣ አዛን ሲሰማ ሁላችንም አልጋው ዙሪያ ነበርን። አዴ ፋጡማ አዛኑን እስኪያልቅ አዳመጡ። ከዚያ እኔን ብቻ አዩ።

“ዘኒ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው። ሌላ ሰው አልጠይቅም። ምን ጠጣሁ?”

ከድር ከጀርባቸው ሆኖ በዓይኑ ለመነኝ። ሃሊማ ሻርፗን አፏ ውስጥ ከታለች። እንዶዱ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ እውነቴን ነው የምላችሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ብትወጣ እሳቸው ያርፋሉ፣ እኔም አርፋለሁ። ግን እንዲያ ሲያዩኝ ሰባ ዓመት የጠበቁት አፍ ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ሳያውቁ የገባበት ነገር እንዲህ ካስጨነቃቸው፣ እኔ አውቄ ውሸት ልጨምርበት?

“አላውቅም፣ አዴ” አልኩ። “ብርቱካኑም ሊሆን ይችላል፣ ሃንዶዴውም ሊሆን ይችላል። ባውቅ እነግርዎት ነበር። አላውቅም።”

ከድር ትንፋሹን ለቀቀ።  ሊቆጡ ነው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ ሊያለቅሱም ይችላሉ ብያለሁ።

“ያኔ ጄሪካኑን ስታስገቢ ያሰክራል ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ለወለል ነው አልሽኝ። ዛሬ መለስሽልኝ።” ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ውሃ አምጡልኝ።”

ከድር የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። ሊቀዳላቸው ሲል እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። እኔ ለኡዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ውሃ አፍስሼ አላውቅም፤ ግራ ገብቶኝ ከድርን አየሁት፣ እሱም ማንቆርቆሪያውን ሰጠኝ። ሃሊማ ሳፋውን ያዘች። እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሦስት እንደሚበቃ ጎረቤት ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እሳቸው ግን በአራተኛው መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። አፈሰስኩ። ደግመው ዘረጉ፤ አፈሰስኩ። ማንም ይበቃል አላላቸውም። የሚተፉት ውሃ ሳፋውን አልፎ እጄን ሲያርሰው አላበስኩትም። ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት እንባ የመጣው። ግሉኮሱ እንደተሰካ፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው ያመለጣቸውን ዙህሩንም ዓስሩንም ሰገዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ተለቀቁ። ሙና ተዳረች። አዴ ፋጡማ ትራስ ተደግፈው ዳሱ ራስጌ ተቀመጡ፤ ቀሪቦው ሲቀርብ እንግዳው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ እሳቸውን ያያል። እሳቸውም እንደ ደንቡ ቀድመው ቀድተው፣ ቢስሚላህ ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የጠጣው። ምን ነበር የጠጡት ብለው ለጠየቋቸው ሁሉ፣ “ዘኒ አላውቅም ብላለች፤ እኔም አላውቅም” ይሉ ነበር አሉ። የከተማው ወሬ መያዣ ሲያጣ ደክሞት ተወው።

እኔ ግን ቤት ልቀቂ እስክባል እየጠበቅሁ ዕቃዬን በልቤ ስጠቀልል ከረምኩ። ከድር አንድ እሁድ ጣውላና መዶሻ ይዞ ግቢ ገባ። ከኩሽናው ውጭ፣ ምድጃው ካለበት ግድግዳ ጋር አጣብቆ፣ የእሳቱ ሙቀት የሚደርሳት በር ያላት ቁም ሳጥን ሠራ። ቁልፍ አበጀላትና ቁልፉን ሰጠኝ።  ከድር ይቅርታ ሲያደርግም ሲጠይቅም በመዶሻ ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ማጽጃዬን ዛሬ የማስቀምጠው ሰው በማይጠጣበት ዕቃ ነው፤ በጨርቅ አልታመንም፣ በላዩ ላይ በቀለም እጽፋለሁ። እናንተም በረኪና ይሁን ጋዝ ወይም እንዶድ በዘይት ጄሪካንና በለስላሳ ጠርሙስ ያስቀመጣችሁ እንደሆነ ወሬዬን ትታችሁ ተነሡና አንሡት። የቀረው ትምህርት ግን እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ድሮ ለጠየቀኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ ለደንበኛ፣ ለጎረቤት፣ ለእግዜርም ጭምር። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ ቆም እላለሁ። ሰው ሲጸልይልኝም ምን ብሎ እንደሚጸልይልኝ እጠይቀዋለሁ። የሚሻለኝን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ እሱ፣ እስካሁን አልለየሁም።

አሁንም ሁለቱንም እሠራለሁ፤ አዴ ፋጡማ ራሳቸው ናቸው ቀጥዪ ያሉኝ። ባለፈው ሰሞን ብርቱካኑም እንዶዱም ያን ቅዳሜ በነበሩበት ዕድሜ ላይ ደረሱ። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ሳስተነፍስ አዴ ፋጡማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለወራት ስፈራው የነበረ ሐሳብ ነው።

“አዴ፣ ማወቅ እንችል ነበር እኮ” አልኳቸው። “ከሁለቱም አንድ አንድ ጠብታ ምላስዎ ላይ ነክተው ቢተፉት፣ የጠጣ ምላስ ይለየዋል።”

 ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ አዩ። ሐሳቡ የፈተናቸው መሰለኝ፤ ጣታቸውን ጭናቸው ላይ ሲያሹ አየሁ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

“ያኔ ሳላውቅ ነው የጠጣሁት። ዛሬ ለማወቅ ብዬ አውቄ ልቅመሰው?”

ነገሩ ሲገባኝ እኔም ሳቄ መጣ። የሚያውቀው ምላስ አንድ ነው፤ እሱም መቼም አይነግረንም።

“አንቺስ፣ ማወቅ ትፈልጊያለሽ?” አሉኝ።

“በጣም፣ አዴ።”

“እኔም። እንግዲያው አብረን ሳናውቅ እንኑራ” አሉ፣ በርጩማቸውን ወደ ፀሐዩ እየሳቡ። “ቁልፉን ግን እንዳትረሺ።”